ቤቴን ከላይ ያየሁባት ቅዳሜ

ሚስቴ ግላይደር፣ ማለትም ሞተር የሌለውን አውሮፕላን፣ አትወድም። አትወድም ስል ትንሽ ቅር ይላታል ማለቴ አይደለም፤ ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይጠቁራል። "ሞተር ያለውም ይወድቃል፤ አንተ ደግሞ ጭራሽ ሞተር የሌለው ፈልገህ ትወጣለህ" ትለኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፌን አንስቼ ስወጣ ጀርባዋን እንጂ ፊቷን አይቼ አላውቅም። እና በዚያ የጥር ቅዳሜ፣ ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ፣ ይህችው ሴት ራሷ ቀስቅሳኝ "ዛሬ አትሄድም እንዴ? ሰማዩ እኮ ጠርቷል" ስትለኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

ኪችን ወረድኩ። ጥብስ ተሠርቷል። በጠዋት፣ ጥብስ! አጠገቤ ቆማ "ይቺን ብቻ፣ በሞቴ" እያለች ታጎርሰኛለች። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆነሻል ስላት "ጉንፋን ነው" አለች። ቅዳሜ ከምሳ በፊት ከአልጋዋ የማትነሳው ልጄ በፒጃማዋ ወርዳ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ላቭ ዩ፣ ዳድ" አለችኝና ተመልሳ ሽቅብ ወጣች። የሆነ ነገር ልታስገዛኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ያን ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ አዲስ አበባ ነበር። እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ሆስፒታል ገብታለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነበርኩ፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ገርፋ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳንደዋወል የምናድርበት ቀን የለም። ያን ሳምንት ግን ሐሙስም ዓርብም አላገኘኋትም። መጀመሪያ ኔትዎርክ ነው አሉኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ዶክተሩ ብዙ አታውሪ ብሏታል አሉኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምጿን መስማት።

"እትዬ ደወለች?" አልኳት ሚስቴን።

"ሻል ብሏታል አሉ" አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ሲንኩ አዙራ። ከዚያ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና "ባትሪው አልቋል፣ ቻርጅ ላድርግልህ። ጓደኛህ ስልክ ይዞ የለ እንዴ?" ብላ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ልቆጣ አስቤ ነበር። ግን ሂድ ብላ የለመነችኝን ሴት ነገር ፈልጌ ሐሳቧን እንዳላስለውጥ ብዬ ወጣሁ።

እንዴት እዚህ ነገር ውስጥ ገባህ የሚለኝ ብዙ ነው። ሥራዬ ጣሪያ ላይ ነው፤ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና። ከከተማችን ዳር ኦቤትስ ያሉትን መጋዘኖች፣ ፖላሪስ ያሉትን ሱቆች፣ ጣሪያቸውን ከውስጣቸው ይልቅ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አፐር አርሊንግተን አንድ ሽማግሌ ቤት ማሞቂያ ልሠራ ቤዝመንት ስወርድ፣ የግላይደር ክንፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጋድሞ አገኘሁ። ሽማግሌው በማግስቱ አሳፍሮ አወጣኝ፤ እኔም በዚያው ቀረሁ። ሐበሻው ግን አለቀቀኝም። "ቤንዚን ቢወደድ እንዲህ ድረስ?" ይሉኛል ቤተክርስቲያን በር ላይ።

ከሁሉ የሚብሰው ጓደኛዬ ነው። ከሱዳን ጀምሮ አብረን ነን። ራሱ አንድ ቀን በርሮ አያውቅም፤ አልበርም ብሎ ምሏል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ድረስ አብሮኝ ይመጣል። ስነሳ ክንፌን ይይዝልኛል፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ለቆ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ በሬዲዮ ሲሰድበኝ ይውላል። "ውረድ አንተ ጉድ፣ እግሬ ደረቀ" ነው የሁልጊዜ ሰላምታው።

ያን ቀን አልሰደበኝም። ሜዳው ላይ ከእኛና ከሽማግሌው በቀር ማንም አልነበረም። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም። ግላይደሩ ውስጥ ስቀመጥ ጓደኛዬ ቀበቶዬን ራሱ አሰረልኝ። የጃኬቴን ኮሌታ አስተካከለ። ከዚያ ትከሻዬን ሳመኝ።

"ምን ሆነሃል? ኑዛዜ ልታስነብበኝ ነው እንዴ?" አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ ግን የጥርስ ነበር። "ቀስ ብለህ ና" አለኝ። "ምንም አትቸኩል። እኔ አለሁ፣ የትም አልሄድም።"

ሽማግሌው በጎታች አውሮፕላኑ ሳበኝ፤ ከፍ ስንል ገመዱን ለቀቅሁ። እሱ ወደታች ታጠፈ፣ እኔ ቀረሁ።

ግላይደር የሚቆየው ከምድር በሚነሳ ሙቅ አየር ነው። በበጋ መሬቱ ራሱ ይገፋሃል። በክረምት ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ትሄዳለች፤ በረዶው ያገኛትን ሙቀት መልሶ ይወረውራል፤ ለአንተ የሚተርፍህ የለም። ስለዚህ ጥቁር ነገር ትፈልጋለህ፤ የታረሰ መሬት፣ አስፋልት፣ ጣሪያ። እንደ የኔ ቢጤ ከደጅ ደጅ እየዞርክ የተገኘችውን ትቀበላለህ። አንዲት መሣሪያ አለችኝ፤ ስወጣ ትጮሃለች፣ ስወርድ ታቃስታለች። ያን ቀን ማቃሰቱን አበዛችው። ትንፋሼ መስተዋቱ ላይ በረዶ እየሆነ ይጋገራል፤ በፕላስቲክ ካርድ እየፋቅኩ አያለሁ።

በሰሜን በኩል ሞከርኩ፣ የለም። በምሥራቅ የውኃ ግድቡ ረግቶ ተኝቷል፤ እዚያ መሄድ መስመጥ ነው። የቀረኝ ደቡብ ነበር። ፖላሪስ አካባቢ ያን ሁሉ አስፋልትና ያን ሁሉ ጣሪያ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ማሽን ሙቀቱን ወደ ሰማይ እንደሚያባክን ጭምር አውቃለሁ። ቀስ እያልኩ ወደዚያ ተንሸራተትኩ። እውነትም አንዷ ጣሪያ ጋ መሣሪያዬ ጮኸች። ደካማ ነበር፤ ግን ነበር። እየዞርኩ፣ እየዞርኩ፣ ነፋሱም እየገፋኝ ሄድን። ቀና ብዬ ሳይ ሰፈራችን ላይ ነኝ።

ቤቴን ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የምሄደው ወደ ገጠሩ ነው። መጀመሪያ ያወቅሁት መንገዱን ነው፤ ዳር ላይ የሚዘጋ መንገድ ነው፣ ቤቴ ጫፉ ላይ ነው። መንገዱ በግራም በቀኝም መኪና ሞልቶበታል። በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ መኪና አይቆምም። የማን ድግስ ነው ብዬ ዝቅ ብዬ ተመለከትኩ።

ሰው ከላይ አይታወቅም፤ መኪና ግን ይታወቃል። ጣሪያው ላይ መሰላል የታሰረበት ፒክአፕ የሠራተኛዬ ነው። ነጩ ቫን የቤተክርስቲያን ነው። ሰማያዊዋ የጓደኛዬ ሚስት መኪና ናት። ጋራዤ ክፍት ነው። ኮምፕሬሰሬ፣ የመሣሪያ ሣጥኖቼ፣ የልጄ ሳይክል፣ ሁሉም ወጥተው በረዶው ላይ ተደርድረዋል። ሁለት ሰዎች ከቫኑ ታጣፊ ወንበር እያወረዱ ወደ ጋራዡ ያስገባሉ። ሌሎች ሁለት ደግሞ አንድ ትልቅ ብረት ድስት በጆሮና በጆሮው ይዘው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። በሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። አቋቋሟን አውቀዋለሁ፤ ሚስቴ ናት።

በስመ አብ።

አንድም ሰው ቀና አላለም። ግላይደር ድምፅ የለውም፤ ለምን ቀና ይላሉ? ወንበሩ ይገባል፣ ሰው ይመጣል፣ ይተቃቀፋል፣ እኔ ከላያቸው እዞራለሁ። እግሬ ከደነዘዘ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ እጄም የኔ አልመስል አለኝ። ሰው ሲሞት ነፍሱ ለቅሶውን ከላይ ሆና ታያለች ይባላል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአፍታ የሞትኩት እኔ መሰለኝ። ስነሳ ገመዱ ተበጥሶብኝ ይሆን? ወድቄ ይሆን? እነዚህ ሰዎች ሰምተው፣ እኔ ሳልሰማ ይሆን? ትንፋሼን መስተዋቱ ላይ እፍ አልኩ። ጤዛ ሠራ፣ ረጋ። ያን አይቼም ልቤ አልተመለሰም።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። "አለህ?" አለኝ ጓደኛዬ።

"አለሁ" አልኩት።

"ጎሽ። ተዝናና" አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ተዝናና! ያ ሰው በሃያ ዓመት ጓደኝነታችን ተዝናና ብሎኝ አያውቅም። ጥብሱ ገባኝ፣ የልጄ እቅፍ ገባኝ፣ ስልኬ ገባኝ። ይሄን ሥራ እኮ አውቀዋለሁ! እዚህ ከተማ ስንት ሰው አርድተናል። ድሮ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም ሥራ ስላለው ሐሙስ የመጣ መርዶ ቅዳሜን ይጠብቃል። እስከዚያ ባለጉዳዩ እንዳይሰማ ስልኩ ይሰወራል፤ ኋላ እህል ስለማይወርድለት አስቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል፤ ዘመድ ከሌላ ስቴት እስኪገባ፣ ወንበሩ እስኪደረደር፣ አንድ የልብ ወዳጅ ይዞት ይዞራል። እኔ ራሴ አንዱን ምስኪን ጎማ ቤት ወስጄ ምንም ያልሆነ ጎማ እያስፈታሁ ግማሽ ቀን አቆይቼዋለሁ። አሁን ጎማው የኔ ሆነ።

እትዬ።

ስሟን በአፌ አልጠራሁትም። እንዴት እንዳወቅሁ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ ከእሷ ሌላ ይሄን ያህል ወንበር የሚያስወጣ ሰው የለኝም። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። በጥብስ! በጥብስ ሸኙኝ! ከዚያ ንዴቱ ወረደና ፍርሃት መጣ።

አንድ ነገር ግን ታየኝ። እስካሁን ማንም አልነገረኝም። ያየሁት ወንበርና ድስት ነው። ስወርድ ይነግሩኛል፤ ካልወረድኩ ማን ይነግረኛል? እዚህ ላይ እስካለሁ ድረስ እትዬ አለች። የሞኝ ሐሳብ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እሱን ይዤ መሪዬን አዞርኩና ሰፈሬንም፣ የተነሳሁበትን ሜዳም ትቼ ወደ ምዕራብ ሄድኩ።

በክረምት ወደዚያ ማንም አይሄድም። እርሻ ነው፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር። በየመሐሉ ቅጠሉ የረገፈ ጫካ አለ። ፀሐይዋ ከማዘቅዘቋ የተነሳ የአንድ ዛፍ ጥላ አንድ ሙሉ ማሳ ያቋርጣል። ጥቁር መሬት ሳገኝ እዞራለሁ፤ ትንሽ እወጣለሁ፤ ያገኘሁትን ይዤ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ፤ ስደርስ ካገኘሁት የበለጠ ከስሬያለሁ። "እትዬ፣ ትንሽ ያዢኝ" አልኩ ጮክ ብዬ። በዚያ ጠባብ ቦታ የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ።

"ወዴት ነህ?" አለ ሬዲዮው።

"ወደ ምዕራብ።"

"ምን አለ ምዕራብ?"

"ሜዳ አለ።"

የሬዲዮውን ቁልፍ አልለቀቀም። ስልክ ሲያናግር ከኋላ ሰማሁት፤ የሚስቴ ድምፅ ነው መሰለኝ። ተመልሶ መጣ። "አሁን ይበቃል፣ ተመለስ። ሰው እየጠበቀ…" አለና ዋጠው። ቀጥሎ በቀስታ "ስማኝ፣ ወንድሜ" አለኝ።

ወንድሜ ብሎ ከጀመረ መጨረሻው አይቀርም። ሬዲዮውን አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ሌላ ነበር። ነፋሱ በበሩ ስንጥቅ ቀጭን ፉጨት ያፏጫል፤ መሣሪያዬ ታቃስታለች። ከታች አንድ ትምህርት ቤት አለፈ፣ ባዶ። አንድ መንገድ አለፈ፣ አንድ መኪና የለበትም። ምድር ላይ ሰው ያለቀ መሰለኝ፤ የቀሩት ጋራዤ ውስጥ ያሉት ብቻ። መስተዋቱ ላይ ካርዱን ስጭር ከኋላዬ የሆነ ሰው አብሮኝ የሚጭር መሰለኝ። ወንበሩ አንድ ነው፤ ከኋላዬ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ግን አልዞርኩም። ብዞርና ማንም ባይኖር የባሰ ሆኖ ታየኝ።

ዛፍ ጫፍ ልደርስ ስል አንድ ሽታ መጣ። የአሳማ ሽታ! ረጅም የአሳማ ጋጣ ነበር፤ ማራገቢያዎቹ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ይተፉታል። መሣሪያዬ ጮኸች። በሕይወቴ አሳማ ቀምሼ አላውቅም፣ አጠገቡም አልደርስ፤ ያን ቀን ግን አሳማ አንጠልጥሎ አወጣኝ። ብቻዬን ሳቅኩ። ክርስቲያን ሆኜ የአሳማ ሙቀት ላይ እየዞርኩ ሳቅኩ። ይሄን ለእትዬ ስነግራት ደረቷን ይዛ ነው የምትስቀው፣ ማታ ስደውል እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ።

አሰብኩና እጄ መሪው ላይ ደረቀ። መዞሬን ተውኩ። ሙቀቱ ከሥሬ አለፈ፤ እኔም ቁልቁል ሄድኩ።

በቆሎ የታጨደበት ማሳ ላይ አረፍኩ። አገዳው በውርጭ ደርቆ ነበር፤ የግላይደሩን ሆድ እየደበደበ፣ እየተንገጫገጨ አሳለፈኝና ቆምኩ። አንዱ ክንፍ ቀስ ብሎ ተኛ። ጤነኛ ነኝ። መሸፈኛውን ከፍቼ እዚያው ተቀመጥኩ። መውጣት አልፈለግሁም፤ ከወጣሁ አረፍኩ ማለት ነው። ሬዲዮውን ከፈትኩት፤ መሬት ላይ ስለሆንኩ ከጩኸት በቀር የሚሰማ የለም።

በማሳው ጫፍ አንዲት ፒክአፕ ብቅ አለች። ገበሬዋ ናት፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ የባሏን ይሁን የልጇን ትልቅ ካፖርት የደረበች ሴት። እየሮጠች መጥታ "የተጎዳ ሰው አለ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። "የለም" አልኳት። ፊቴን አይታ አላመነችኝም። ብቻህን ነህ? ማንን ልጥራልህ? ብላ ስልኳን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

አፈርኩ። የሚስቴን ቁጥር አላውቀውም። የጓደኛዬንም አላውቀውም፤ ሁሉም ስልኬ ውስጥ ነው ያለው፣ ስልኬ ደግሞ ጋውን ኪስ ውስጥ ነው። በቃሌ የማውቀው የስልክ ቁጥር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። የስልክ ካርድ እየፋቅን በምንደውልበት ዘመን ስንት ሺህ ጊዜ እንደመታሁት እግዜር ይወቅ። እሷም አንድ ቀን ቀይራው አታውቅም፤ "ብትጠፋ በምን ታገኘኛለህ?" ትል ነበር።

"ሩቅ ነው፣ ውጭ አገር ነው" አልኳት ሴትየዋን።

"ደውል" አለችኝና ራቅ ብላ ክንፉን ታይ ጀመር።

ጣቶቼ ራሳቸው ሄዱ። እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። ሁለቴ ጠራ። ሲነሳ መጀመሪያ የሰማሁት የብዙ ሰው ድምፅ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። አንዲት ሴት "ማነው?" ስትል ሰማሁ።

"ሄሎ?" አለች የእህቴ ልጅ። ገና ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ከኋላዋ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ጭጭ አለ። እጇን ስልኩ ላይ እንዳደረገች ታወቀኝ። ከዚያ ቀጭን፣ እንባው የተጠረገ፣ የደስታ ድምፅ ይዛ መጣች። "ጋሽዬ! ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን። ሁሉም ሰላም ነው።"

"እትዬስ?" አልኳት።

ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። እናቷን በቀበረች በሁለተኛ ቀኗ፣ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ከቧት፣ ያን መልስ ለብቻዋ ትፈልጋለች። ማንም አላገዛትም።

"እማዬ… ተኝታለች" አለችኝ። "መድኃኒቱ አስተኝቷት ነው። አሁን ገና ነው የተኛችው፣ ጋሽዬ።"

ድምጿ መጨረሻው ላይ ሊከዳት ነበር፤ ያዘችው። ልጅ ናት፤ የታዘዘችውን ሳታጎድል አደረገች። ልጩህ ብል ማሳው ሰፊ ነው፣ የሚከለክለኝ የለም። ግን እኔ ከጮህኩ ሞቷን ለአጎትሽ የነገርሽው አንቺ ነሽ ተብላ ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች።

"እሺ የኔ እናት" አልኳት። "እንዳትቀሰቅሷት። ትተኛ።"

"እሺ ጋሽዬ" አለችኝ።

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም።